አንጋፋ ቡድን ዋንጫ ይበላል? ስለ ፉቲ የተከፈተ ክርና 20 ምላሾቹ

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ የጠየቀ ቢመስልም መልሱን ይዞ ነው የመጣው። በእጅም በእግርም በሚጫወቱት የአውስትራሊያ ኳስ፣ በፉቲ፣ ዋንጫውን ማን እንደሚበላ ለመገመት የደረጃ ሰንጠረዥ አያስፈልግም፤ የተሰለፉት ሰዎች እስከ ዛሬ ስንት ስንት ጨዋታ እንዳደረጉ ደምሮ ማካፈል ይበቃል ባይ ነው። ዋና ማስረጃው የ2022ቱ ጂሎንግ ነው፤ በክሩ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ያ ቡድን በሊጉ ታሪክ ሜዳ ከገቡት ሁሉ በአማካይ ዕድሜ ትልቁ ነበር። ጆኤል ሴልውድና ቶም ሆኪንስ 34፣ አይዛክ ስሚዝ 33፣ ፓትሪክ ዴንጀርፊልድ 32 ዓመታቸው ነበር። በግራንድ ፋይናሉ፣ ማለትም በዋንጫው ጨዋታ፣ ሲድኒን 133 ለ52 አደቀቁት፤ ለጨዋታው ኮከብ የሚሰጠውን የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያም አይዛክ ስሚዝ ወሰደው። ከዚህ ተነሥቶ የክሩ ባለቤት ሕግ አወጣ፦ አማካዩ ከ100 ጨዋታ በታች የሆነ ቡድን ዋንጫ ባያልም ይሻለዋል።

1ኛው ምላሽ በአክብሮት የተጻፈ ድጋፍ ነው። ጸሐፊው የክሩን ባለቤት አመስግኖ የሆውቶርንን ምሳሌ ጨመረለት። ሆውቶርን ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። በሦስተኛው ዓመት አምበሉ ሉክ ሆጅ፣ ሳም ሚቸል፣ ሾን በርጎይን፣ ጆሽ ጊብሰንና ብራየን ሌክ ሁሉም 30ን ያለፉ ነበሩ፤ ዌስት ኮስትን ግን በ46 ነጥብ ነው የረቱት።

2ኛው ምላሽ ተቃውሞውን በትሕትና ጀመረ። የ2016ቱን ዌስተርን ቡልዶግስ የት እናስቀምጠው ሲል ጠየቀ። በሰንጠረዡ 7ኛ ሆኖ ጨርሶ አራት የፋይናል፣ ማለትም ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረግ፣ ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ፤ ከ1954 ወዲህ ዋንጫ አይቶ የማያውቅ ክለብ ነበር። ማርከስ ቦንተምፔሊና ኬሌብ ዳንኤል የ20፣ ጆሽ ደንክሊ የ19 ዓመት ልጆች ነበሩ። ሲድኒን በ22 ነጥብ ረትተው ሄዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፋይናል እንኳ አልገቡም።

3ኛው ምላሽ ሁለተኛውን ሳይነቅፍ አረመው። ቡልዶግስ የልጆች ቡድን ነበር የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። ከኋላ መስመር ማቲው ቦይድ 34፣ ዴል ሞሪስ 33 ዓመታቸው ነበር። ጨዋታውን የዘጋው ጎል ከየት እንደመጣ ማስታወስ ይበቃል፦ ሞሪስ ላንስ ፍራንክሊንን ይዞ ጣለው፣ ኳሷ አመለጠች፣ የ21 ዓመቱ ቶም ቦይድ ከሩቅ መታት። የ1993ቱን ኤሰንደንም ጠቀሰ። በዚያ ቡድን ጄምስ ሄርድ 20፣ ደስቲን ፍሌቸር 18 ዓመቱ ነበር፤ ካርልተንን በ44 ነጥብ ሲረቱ ግን ከጨዋታ ዓለም ተሰናብቶ የነበረው የ32 ዓመቱ ቲም ዋትሰን ተመልሶ አብሯቸው ተሰልፏል። እንደ ጸሐፊው አባባል አንጋፋ ማለት እርሾ ነው፤ ጥቂቱ ቡኮውን ሁሉ ያነሣዋል፣ ቡኮው ሁሉ እርሾ ቢሆን ግን እንጀራ አይወጣውም።

4ኛው ምላሽ ቁጥር የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው። ምክንያቱና ውጤቱ ቦታ ተለዋውጠዋል ይላል። 200 ጨዋታ የሚደርስ ሰው አሰልጣኝ ሊያስወጣው ያልፈለገው ሰው ነው፤ ደካማው ገና በ20 እና በ30 ጨዋታው ተሰናብቷል። ከዚያ በላይ፣ ለዋንጫ ቅርብ ነኝ የሚል ክለብ የ32 ዓመት ተጫዋቹን አንድ ዓመት ያቆየዋል፣ የሰንጠረዡ ግርጌ ያለው ግን ለቆት ልጅ ያስገባበታል። ስለዚህ ጥሩ ቡድን አማካዩ ከፍ ይላል እንጂ አማካዩ ከፍ ስላለ ብቻ ጥሩ አይሆንም። መፈተኛ መንገድም ሰጥቷል። በመደበኛው ውድድር እኩል ያሸነፉ ሁለት ቡድኖችን አምጡ፣ በልምድ የሚለያዩትን ብቻ ምረጡ፣ ከዚያ በፋይናሎቹ ማን እንደቀደመ ቁጠሩ። ልምድ የራሱ ዋጋ ካለው እዚያ ላይ መታየት አለበት።

5ኛው ምላሽ የውርርድ ጥቆማ ነበር፤ አወያዩ አነሣው። ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

6ኛው ምላሽ ከክሩ ሁሉ የሚጠቅመው ነው፤ በኔ ግምት ሌላው ሁሉ ቢጠፋ ይህ ሊቀር ይገባል። ጸሐፊው አማካይ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚያታልል በሒሳብ አሳየ። ለመቁጠር እንዲቀል 22 ሰው እንውሰድ። በመጀመሪያው ቡድን ሁሉም እኩል 110 ጨዋታ አላቸው፤ ድምሩ 2420። በሁለተኛው አራቱ 300፣ ስምንቱ 100፣ አሥሩ 42 ጨዋታ አላቸው፤ እሱም ድምሩ 2420። የሁለቱም አማካይ 110 ነው፤ የክሩ ባለቤት ሕግ ሁለቱንም ያሳልፋል። ሜዳ ላይ ግን ሁለተኛው ቡድን 50 ጨዋታ ያልሞሉ አሥር ሰዎች ይዞ ነው የሚገባው። የሴልውድ የመጨረሻ ጨዋታ 355ኛው ነበር፤ ያ ቁጥር ብቻውን ለ23 ሲካፈል የቡድኑን አማካይ ከ15 ጨዋታ በላይ ከፍ ያደርገዋል። አንድ ሰው ሃያ ሁለት ጓደኞቹን ልምድ ያላቸው አስመሰላቸው ማለት ነው።

ስለዚህ አማካዩን ትተን ዝቅተኛዎቹን ስድስት እንቁጠር ይላል። ተጋጣሚ አሰልጣኝ የሚፈልገው ጠንካራውን ሰው አይደለም፤ ኳስ ይዞ የሚደናገጠውን ነው። ጫናውን ወደዚያ ልጅ ይመራል፣ ረጅሙን ምት በሱ በኩል ያስመታል፣ ቀኑን ሙሉ ያን ቀዳዳ ይመላለስበታል። ቀጥሎ ቦታ ይታይ አለ። ልምድ ክንፍ ላይ ወይም ትንሽ አጥቂ ላይ ቢጎድል ፍጥነት ይሸፍነዋል፤ ረጅሙ ተከላካይ፣ ኳስ ሲነሣ የሚዘለው ረክና ግርግር ውስጥ የሚገባው የመሀል ተጫዋች ላይ ሲጎድል ግን የሚሸፍነው የለም። ረጃጅሞቹ ሰውነታቸው ለትግል የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በ2019 የመጣው የስድስት በስድስት ሕግም ነገሩን አክብዶታል። ኳሷ ከመሀል ስትነሣ በየሦስቱ የሜዳ ክፍል ስድስት ስድስት ሰው መቆም ስላለበት፣ የሚንቀጠቀጠውን ወጣት ተከላካይ ለመደገፍ አስቀድሞ ትርፍ ሰው ወደ ኋላ መላክ አይቻልም።

7ኛው ምላሽ በዚያ ሒሳብ ላይ ሌላ ስንጥቅ አገኘ። ጨዋታ የሚባለው ቁጥር ራሱ ንጹሕ አይደለም። በ2021 በሕክምና ምክንያት ብቻ የሚገባ ተቀያሪ ተፈቀደ፣ በ2023 ደግሞ ለማንኛውም ምክንያት የሚገባ 23ኛ ሰው መጣ፤ ይህ አሠራር እስከ 2025 ነበር። የሜልበርኑ ጄምስ ጆርደን በ2021 ግራንድ ፋይናል ሜዳ ሳይረግጥ ሜዳሊያ ወስዷል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ከሙሉ ጨዋታ ጋር እኩል ሲቆጠር የወጣቶቹ ቁጥር ያብጣል።

8ኛው ምላሽ የማርሊየን ፒኬትን ታሪክ አስታወሰ፤ ይህ ካልተነሣ የፉቲ ክር አይሞላም። ሪችመንድ በ2019 ፒኬትን ለመጀመሪያ ጨዋታው ያሰለፈው በግራንድ ፋይናል ነው፤ ከ1952 ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። በሰንጠረዡ ላይ ዜሮ ጨዋታ ያለው ሰው ነው። ግን 27 ዓመቱ ነበር፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ሊግ ለሳውዝ ፍሪማንትል ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሲጋጭ ኖሯል፤ ከሳምንት በፊትም በሁለተኛው ቡድን የዋንጫ ጨዋታ ኮከብ ተብሎ ተሸልሟል። ሪችመንድ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒን በ89 ነጥብ ረታ። ዜሮ የሚለው ቁጥር ዕድሜንም ሌላ ሊግንም አያይም ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በእርስዎ ነበር የሚጻጻፉት። 9ኛው በአንተ መጣ።

9ኛው ምላሽ የኮሊንግውድ ደጋፊ ነው፤ የዕድሜ ቆጠራ ሰልችቶታል። በ2010 ኮሊንግውድ ሴንት ኪልዳን በድጋሚው ጨዋታ በ56 ነጥብ ሲያርቀው ስኮት ፔንድልበሪ 22፣ ስቲል ሳይድቦተም 19 ዓመታቸው ነበር፤ ልምድ የሚባለው የሽማግሌ ተረት ነው ሲል ደመደመ። የክሩ ባለቤት ፉቲን በካልኩሌተር የሚያይ ሰው ነው ብሎም ጨመረ። ይህ አላስፈለገም ነበር።

10ኛው ምላሽ ጊዜ አላጠፋም። የ2010ን ካነሣህ የ2011ን ለምን ተውከው አለ። ያው ቡድን አንድ ዓመት ልምድ ጨምሮ ከ22 መደበኛ ጨዋታዎች 20 አሸነፈ፤ ሁለቱንም የተሸነፈው በጂሎንግ ነው፤ አንዱን በ96 ነጥብ። ግራንድ ፋይናሉንም በዚያው በጂሎንግ በ38 ነጥብ አጣ። ያን ጂሎንግ ደግሞ ከውድድሩ በፊት አልቆለታል ያላለው አልነበረም፤ ጌሪ አብሌት ወደ ጎልድ ኮስት ሄዷል፣ አሰልጣኙ ማርክ ቶምፕሰን ለቋል፣ ክሪስ ስኮት ገና አንደኛ ዓመቱ ነው። አምበሉ ካሜረን ሊንግና ረክ የነበረው ብራድ ኦተንስ ዋንጫውን ይዘው ጫማ ሰቀሉ።

11ኛው ምላሽ የሲድኒን ሸክም አመጣ፣ ይህም ለልምድ ወገን የሚመች አይደለም። ሲድኒ በ2014፣ 2016፣ 2022 እና 2024 ግራንድ ፋይናል ገብቶ አራቱንም ተሸነፈ፤ በ63፣ በ22፣ በ81 እና በ60 ነጥብ። በ2024 ከተሰለፉት ብዙዎቹ የ2022ቱን ሽንፈት ቀምሰዋል። የትልቅ ጨዋታ ልምድ ያድናል ከተባለ ማንን አዳነ? ሮበርት ሃርቪም 383 ጨዋታ ተጫውቶ ያለ ዋንጫ ነው የተሰናበተው።

12ኛው ምላሽ ይህን በከፊል ተቀበለ። ሽንፈት ሁልጊዜ አያስተምርም፤ ሆውቶርን በ2012 ተሸንፎ በ2013 ሲመለስ ያለ ለውጥ አልተመለሰም፤ የጎደለውን ለይቶ ብራየን ሌክን ከቡልዶግስ ገዛ። ሌክ በ31 ዓመቱ ፍሪማንትል ላይ የኖርም ስሚዝ ሜዳሊያ ወሰደ፣ ከዚያም ሁለት ዋንጫ ደገመ። ሲድኒ በ2022 ገና በመጀመሪያው ሩብ 41 ለ6 ተመርቷል፤ በ2024 ሁለተኛው ሩብ ላይ ነው ጨዋታው ከእጁ የወጣበት። ችግሩ ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ጉዞ በቀነሰ ነበር፤ ተጋጣሚው ኳስ ሲነሣ በሰውነት ሲበልጣቸው የታየው ግን ሁለቱንም ጊዜ ነው። ስለዚህ ያለፈ ፋይናል ስንት እንደሆነ ከመቁጠር፣ ካለፈው ሽንፈት ወዲህ በየትኛው ቦታ ማን እንደተተካ ማየት ይሻላል።

13ኛው ምላሽ ከሰውነት ማሠልጠኛ ወገን የመጣ ይመስላል። አንጋፋ ቡድን የሚሞተው የፋይናሎቹ ወር በሆነው መስከረም ላይ አይደለም፣ ሐምሌ ላይ ነው ይላል። 30ን ያለፈ ሰው በቅድሚያ የሚከዳው የባት ጡንቻው ነው፣ ቀጥሎ የጭኑ የኋላ ጡንቻ። የባት ጉዳት ያሳስታል፤ ሰውየው በሳምንቱ በቀጥታ መስመር ያለ ሕመም ይሮጣል፣ ወደ ጎን ሲገፋና ሲዘል ግን ይደገምበታል፤ የሁለት ሳምንት ዕረፍት ስድስት ሳምንት የሚሆነው እንዲህ ነው። ሥራውን በዝርዝር አስቀመጠ፦ በጨዋታዎች መካከል ስድስት ቀን ብቻ ሲኖር አንጋፋው ዋናውን ልምምድ ይቀራል ወይም በግማሽ ይሠራል፤ ከፐርዝ የአውሮፕላን ጉዞ በኋላ ያለው አጭር ሳምንት ለማሳረፍ የተመቸ ነው፤ ሁለት አንጋፋ የመሀል ተጫዋቾችን በአንድ ሳምንት ማሳረፍ ግን ግርግሩን ባዶ ያደርጋል። በጨዋታው ውስጥ ደግሞ ቅያሪ በ75 የተገደበ ስለሆነ ለ23 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሦስት ተኩል እንኳ አይሞላም። አንጋፋውን አምስት ጊዜ ካስወጣኸው ከወጣቱ ነው የምትቀንሰው። ብልህ አሰልጣኝ ስለዚህ የመሀል ተጫዋቹን ሜዳ ላይ እንዳለ ወደ ፊት መስመር ልኮ ያሳርፈዋል።

ልምድ ዋጋውን የሚከፍልበት ሰዓትም አለው አለ ያው ጸሐፊ፦ የመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች። መሪ ቡድን ኳስ ሲይዝ አንጋፋው ወደ መሀል አይመታም፣ በመስመሩ ዳር አጭር ምት ለጓደኛው ይሰጣል፤ ለጎል ሲቆም የተፈቀደለትን 30 ሰከንድ አሟጦ ይጠቀማል፤ ሆን ብሎ ከመስመር ማውጣት እንደሚያስቀጣ ስለሚያውቅ ኳሷን ሰው ባለበት አቅጣጫ ይልካታል። በ2018 ዌስት ኮስት በ5፣ በ2023 ኮሊንግውድ በ4 ነጥብ ነው ያሸነፉት፤ በእንዲህ ያለ ልዩነት አንድ የተሳሳተ ምት ዋንጫ ነው።

14ኛው ምላሽ 9ኛውን ስድብ ስለማይገባ እንዲያነሣ ጠየቀ፣ ከዚያ ወደ ክለብ ግንባታ ገባ። ልምድ በሁለት መንገድ ይገኛል፤ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በየተራ ወጣቶችን በሚመርጡበት ሥርዓት፣ ከ18 ዓመት ጀምሮ አሳድጎ ወይም ከሌላ ክለብ አምጥቶ። በ2012 ነጻ ዝውውር ከተፈቀደ ወዲህ በአንድ ክለብ ስምንት ዓመት የቆየ ተጫዋች በገደብ፣ አሥር ዓመት የቆየ ያለ ገደብ መሄድ ይችላል። አንጋፋ ሲገዛ የሚሠራው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በደመወዙ ጣሪያ ውስጥ ለሚቀጥሉት ወጣቶች የሚሆን ቦታ ሳይተው አራት ዓመት ውል መስጠት። ብሪዝበን በ2018 ሉክ ሆጅን ያመጣው በዚህ ተቃራኒ ነው። የ2017 የመጨረሻ ቡድን ነበር፤ ሆጅ ሁለት ዓመት ብቻ ተጫወተ፣ ሥራው ወጣት ተከላካዮችን ሜዳ ላይ እየጮኸ ማሰለፍ ነበር፤ በ2019 ብሪዝበን በሰንጠረዡ ሁለተኛ ሆነ። ዋንጫው የመጣው ሆጅ ከሄደ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢሆንም።

15ኛው ምላሽ አጭርና መራራ ነው። የሰሜን ሜልበርን ደጋፊ ሳይሆን አይቀርም። ክለቡ በ2016 መጨረሻ በዚያን ጊዜ የሊጉን የጨዋታ ክብረ ወሰን ይዞ የነበረውን ብሬንት ሃርቪን፣ ድሩ ፔትሪን፣ ኒክ ዳል ሳንቶንና ማይክል ፊሪቶን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ከ8ኛ ወደ 15ኛ ወረደ፤ በ2021 እና በ2022 የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ። አራቱን በሦስት ዓመት ቢያዳርሷቸው ኖሮ ልጆቹ ቢያንስ ልምምድ ላይ የሚያዩት ሰው ይኖራቸው ነበር ይላል።

16ኛው ምላሽ የአዲሶቹን ክለቦች ጉዳይ አከለ። ግሬተር ዌስተርን ሲድኒ በ2012 ሲጀምር ለልጆቹ ጠባቂ ብሎ ሉክ ፓወርን፣ ቻድ ኮርንስን፣ ዲን ብሮጋንና ጄምስ ማክዶናልድን አስፈረመ፤ ያም ሆኖ ያሸነፈው ሁለት ጨዋታ ነው። ጎልድ ኮስትም በ2011 አብሌትን ይዞ ሦስት ብቻ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በ19 ዓመት ልጆችና በ32 ዓመት ሰዎች መካከል ከ24 እስከ 28 ያለው ወገን ጨርሶ አልነበረም፤ ጨዋታውን የሚሸከመው ያ ወገን ነው። በ2028 የሚገባው ታዝማኒያ ይህን ካልተማረ ያው ይደገማል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ከርእሱ ወጣ። 17ኛው ምላሽ የ2025ቱ ግራንድ ፋይናል ሴፕቴምበር 27 ላይ ሲውል መስቀል ነበር ብሎ አስታወሰ፤ በ2014ም እንዲሁ ገጥሞ ነበር። ደመራው ዋዜማ ላይ ስለሆነ የቪክቶሪያ የሕዝብ በዓል ከሆነው ዓርብ ጋር ገጠመ፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ሳያስፈልግ። 18ኛው ደግሞ ጨዋታው ወደ ማታ ተዛውሮ ቢሆን ይሻል ነበር አለ፤ ከዚያም በሜልበርኑ ሰፈር ፉትስክሬይ ውስጥ ከጨዋታ በኋላ ክትፎ የት ይበላል የሚል ጥያቄ ወረወረ። አወያዩ ለምግብ ሌላ ክር አለ ብሎ መለሳቸው።

19ኛው ምላሽ የክሩ ባለቤት ነው። ሕጉን አልሻረም፤ ይልቁንም ሁሉም ምሳሌ ያመጣው ለኔ ነው አለ። ብሪዝበን በ2025ቱ ግራንድ ፋይናል ጂሎንግን በ47 ነጥብ ሲረታ የ36 ዓመቱ ዴይን ዞርኮና በባት ጉዳት ሰንብቶ የነበረው ላኪ ኒል ነበሩበት፤ ኒል ከተቀያሪ ወንበር ከዕረፍት በኋላ ገብቶ ጨዋታውን ለወጠው። የጨዋታው ኮከብ ግን የ21 ዓመቱ ዊል አሽክሮፍት ነበር፣ ወንድሙ ሌቫይ ደግሞ በ18 ዓመቱ፣ በመጀመሪያ የውድድር ዘመኑ ተሰልፏል። የክሩ ባለቤት እነዚህን ሁለቱን ሳይጠቅስ አለፈ፤ ለዚህም 9ኛው ሰውዬ ተመልሶ መጥቶ አንድ መስመር ጽፎ ነበር፣ አወያዩ አነሣው። ቀጥሎም የክሩ ባለቤት አሰልጣኙ ክሪስ ፌገን ራሱ በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም የሚለውን ክርክር ቀድሞ ዘጋው፤ የአሰልጣኝ ልምድ ሌላ ክር ነው አለ። እዚህ ላይ ትክክል ይመስለኛል።

20ኛው ምላሽ የ6ኛው ጸሐፊ ነው፤ ክርክሩን ትቶ ለሚቀጥለው መስከረም የሥራ ቅደም ተከተል ሰጠ። ሐሙስ ማታ የሁለቱ ቡድኖች ስም ሲወጣ በቅድሚያ በጨዋታ ብዛት ዝቅተኛዎቹን ስድስት ደምሩ፤ ዝቅተኛው ሰው 24 ዓመት ካለፈና ከሌላ ሊግ ከመጣ እንደ ልጅ አትቁጠሩት። ሁለተኛ፣ ረክ፣ ረጅም ተከላካይና የግርግር የመሀል ተጫዋች ላይ 50 ጨዋታ ያልሞላ ሰው እንዳለ እዩ። ሦስተኛ፣ የኋላ መስመሩ ስድስት ሰዎች በዓመቱ ውስጥ ስንት ጨዋታ አብረው እንደተሰለፉ ቁጠሩ፤ አንዱ በአዲስ ሰው ከተተካ የመናበቡ ሥራ እንደገና ይጀመራል። አራተኛ፣ 30ን ያለፈና ካለፉት ሦስት ሳምንታት ጨዋታ የቀረ ሰው ካለ የት እንደተጻፈ ፈልጉ። መነሻ ላይ ከተጻፈ አሰልጣኙ ቁማር ተጫውቷል፤ እስከ 2025 በነበረው ሕግ ተቀያሪ ሆኖ ከተጻፈ ሙሉ ጨዋታ እንደማይችል ተገምቷል ማለት ነበር፣ ያን ጊዜም ከዕረፍት በኋላ ለሚሆነው ነገር መዘጋጀት ይገባ ነበር።